የልጆች ጣፋጭ በቢቸናና በሞጣ፤ ስለ ስኳር የሚሰጠው ምክር ሲመረመር

ለልጅ ስኳር ይቀነስለት፤ በስኳሩ ፈንታ ጤና የሚሰጥ ሌላ ነገር ይተካለት የሚለው ምክር በዛሬው ጊዜ ከሐኪም አፍ፣ ከራዲዮ፣ ከጋዜጣና ከመማሪያ መጽሐፍ የማይታጣ ሆኗል። ምክሩ ከመሠረቱ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እውነት የሆነ ምክር ሁሉ በሁሉም አገር በአንድ ዓይነት አነጋገር ይሠራል ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ምክሩን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ወስደን፣ ቀድሞ የአውራጃ ከተሞች በነበሩት በቢቸናና በሞጣ ባለው የልጆች አመጋገብ ላይ አሳርፈን፣ የት ላይ እንደሚገጥምና የት ላይ እንደሚሰበር ማሳየት ነው። ሁለቱን ከተሞች የመረጥናቸው ስለምናውቃቸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም።

አስቀድመን ምክሩ የተመሠረተበትን መለኪያ እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አጥብቆ ይመክራል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ እንደሚጠቅም ይጠቁማል። እዚህ ላይ ስኳር የተባለው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ እንዲሁም ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ነው፤ ሳይጨመቅ በሚበላ ፍሬና በወተት ውስጥ ያለው አይቆጠርም። በቀን 1400 ካሎሪ የሚበቃው ልጅ ቢኖር 10 በመቶው 35 ግራም፣ 5 በመቶው 17 ግራም ተኩል ስኳር ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናልና፣ ሦስት ማንኪያ የተጨመረበት አንድ ብርጭቆ ሻይ 12 ግራም፣ አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ደግሞ ከ30 ግራም በላይ ይይዛል። ስለዚህ ጧት አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የጠጣ ልጅ የ10 በመቶውን ወሰን አልፏል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሒሳቡ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከጓደኞቻችን ጋራ ስንወያይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ይኸውም፣ «ይህ የጠገበ አገር ጭንቀት ነው፤ የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ባላገር ልጅ ከየት ያገኘው ስኳር ነው የሚቀነስበት?» የሚል ነው። አነጋገሩ ያስቃል፤ ጥቂት እውነትም አለበት። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ቀንጭረው፣ ማለት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ሳይደርስ ቀርቶ ተገኝተዋል፤ በዚያው ጊዜ የመላው አገር ቁጥር 38 በመቶ ነበር። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መካከል ደግሞ በዓይነቱም በድግግሞሹም የሚበቃ ምግብ ያገኙት በአገሪቱ በጠቅላላው 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ቆሞ ስለ ልጆች ውፍረት የሚሰብክ ሰው አድማጭ ባያገኝ አይፈረድም።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው ከዚህ አያልፍም። ስኳር የሚጎዳው በማወፈር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው። የትንሽ ልጅ ሆድ ጠባብ ነው። ምሳ ሳይደርስ በጣፋጭ ሻይና በብስኩት የሞላ ሆድ ሽሮውን፣ ምስሩንና እንቁላሉን አይቀበልም። በስኳር ውስጥ ኃይል አለ እንጂ ሥጋ የሚገነባ፣ ደም የሚተካ ነገር የለበትም። ሻዩም ራሱ በምግብ ሰዓት ሲጠጣ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት እንደሚገባ ወደ ሰውነት እንዳይዘልቅ ያግደዋል። የጥርሱ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ሽፋን እያሟሟ ይቦረቡረዋል። በዚህ በኩል ከስኳሩ መጠን ባልተናነሰ ድግግሞሹ ይጎዳልና፣ ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ እያለ ከረሜላ በጉንጩ የሚያዞር ልጅ ጥርሱ አያርፍም። እንግዲህ የጠገበውን ልጅ ያለ ልክ የሚያወፍረው ስኳር፣ ያልጠገበውን ልጅ ከምግቡ ያናጥበዋል። ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጎጃምን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው፤ ምክር ሰጪዎቹ ግን አዘውትረው የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ነው።

ስኳር ወደነዚህ ከተሞች የገባበትን መንገድ በአጭሩ እናንሣ። በባላገሩ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነበር፤ ዛሬም በጨው የሚጠጣበት ቤት አልጠፋም። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ካስጀመረ በኋላ ስኳር ከባሕር ማዶ ብቻ የሚጠበቅ ዕቃ መሆኑ ቀረ፤ ውሎ አድሮም በዚያው በወንጂ ከረሜላ ይሠራ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የሸዋ፣ የመተሐራና የፊንጫ ፋብሪካዎች ተከታተሉ፤ በጎጃም ምዕራብም በበለስ በኩል ፋብሪካ ተተክሏል። ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ስኳሩን፣ ብስኩቱንና ለስላሳውን እስከ ትንሹ ሱቅ ያደርሳል። ከረሜላ በፍሬ ይሸጣል፤ ብስኩትም በትንሽ በትንሹ ታሽጎ ይሸጣል። ይህ አሻሻጥ ለድኻ የተመቸ ነው፤ ወተት ግን በጉንጭ አይሸጥም።

በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ኅብረት ሱቅ እየተመጠነ ይታደል ነበር፤ ከዚያም በኋላ ስኳር ጠፋ፣ ስኳር መጣ የሚለው ወሬ ከገበያ አልተለየም። የሚጠፋ ነገር ደግሞ ይከበራል። ለእንግዳ የቀረበ ሻይ ስኳሩ ያነሰ እንደ ሆነ የቤቱ እጅ አጥሯል፣ ወይም ባለቤቲቱ ቆጥባለች ይባላል። ስለዚህ አንዲትን የቢቸና እናት «ስኳር ቀንሺ» ሲሏት እርሷ የምትሰማው «ንፉግ ሁኚ» የሚለውን ነው። ከዚህም ሌላ ምክሩ ሁልጊዜ የሚነገረው ለእናት ነው፤ ጣፋጩን የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አጎት፣ ለክረምት የተመለሰ ተማሪ፣ ደመወዝ የተቀበለ ጎረቤት ልጁን ጠርተው ከረሜላ ያስጨብጡታል፤ አለዚያም ሳንቲም ሰጥተው ወደ ሱቅ ይሰዱታል። እናትየዋ ከልጁ እጅ ብትነጥቅ አጎቱን አዋረደች ማለት ነው። ይህን የምታደርግ ሴት በምሥራቅ ጎጃም ብትኖርም ጥቂት ናት። ምክሩ ወደ አጎት መዞር ነበረበት፤ ለአጎት የተጻፈ ምክር ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበን ነገር እንመጣለን። በገበያ ቀን ከየገጠሩ ወደ ቢቸና ከሚገቡት ሴቶች መካከል እንቁላል በጭድ ወይም በጤፍ ውስጥ ቀብራ፣ በቅርጫት ይዛ የምትመጣ ብዙ ናት። እንቁላሉ ይሸጣል፤ በገንዘቡም ጨው፣ ቡና፣ ሳሙናና ስኳር ይገዛል፤ ከተረፈም ለልጆች ብስኩት ወይም ከረሜላ ይያዛል። ልጆቹም እናታቸውን መንገድ ላይ ወጥተው የሚጠብቁት ለዚሁ ነው። በዚህ ልውውጥ ውስጥ ክፋት የለም፤ ፍቅር እንጂ። ነገር ግን ከቤት የወጣውንና ወደ ቤት የገባውን ስናስተያይ፣ የወጣው የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ሕፃናት ተጨማሪ ምግብ ባወጣው መመሪያ ከ6 ወር እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት በየቀኑ ሊያገኟቸው ይገባል ካላቸው ምግቦች አንዱ ነው፤ የገባው ደግሞ በዚያው መመሪያ ለዚሁ ዕድሜ የተከለከለው ነው። እንቁላሉ የተበላው በከተማ፣ ምናልባትም ዐቅም ባለው ቤት ነው። ምክር ሰጪው «ስኳሩን ተዉ» ብሎ ይሄዳል። ስኳሩ ቢቀር እንኳ እንቁላሉ ከገበያ እንደማይመለስ አያስብም፤ ጨው መገዛት አለበትና። እኛ በበኩላችን ምክሩ ከስኳሩ መጀመር የለበትም እንላለን። ከአሥሩ እንቁላል ሁለቱ ለልጁ ይቅር ከሚለው መጀመር አለበት። ሁለት እንቁላል ከቤት የምታስቀር እናት ንፉግ አትባልም፤ ያውም ለከረሜላው የምትከፍለው ገንዘብ በራሱ ጊዜ ያጥርባታል።

ሁለተኛው ነገር ጾም ነው፤ ከውጭ ቋንቋ በተተረጐመ ምክር ውስጥ ይህ ፈጽሞ አይገኝም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ልጆች እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ ጾም እንደማይያዙ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በጾም ወራት እናቲቱ ለአንድ ልጅ ብላ ወተት ስታፈላ ወይም እንቁላል ስትጠብስ የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካባት ትሠጋለች፤ ስለዚህ በሕግ ያልጾመው ሕፃን በድስቱ ምክንያት ይጾማል። በነሐሴ የሚገባውን የፍልሰታን ጾም ደግሞ ሕፃናቱ ራሳቸው ወደው ይይዙታል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ስኳር የጾም ነው። ከረሜላ የጾም ነው። ለስላሳም የጾም ነው። ስለ ብስኩት ብቻ ወተት አለበት፣ የለበትም የሚል ጥቂት ክርክር ይነሣል። ቅቤው፣ እርጎውና እንቁላሉ ከቤት በሚሸሹበት በዓመቱ ግማሽ ጣፋጭ ሆኖ የሚቀረው ስኳር ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ስንል ጾምን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጾሙ ራሱ የራሱ የሆነ ጥሩ ምግብ አለው፤ ንፍሮው፣ ቆሎው፣ ሽሮው፣ ተልባውና ሱፍ ፍትፍቱ ሁሉ የጾም ነው። የምንነቅፈው ለጾም ወራት የተለየ ቃል የሌለውን ምክር ነው። «ለልጅዎ እርጎ በፍሬ ይስጡ» የሚል ጽሑፍ በዐቢይ ጾም መካከል ሞጣ ቢደርስ ምን ይጠቅማል? በነገራችን ላይ በሞጣ የሚኖሩ እስላም ወገኖቻችን በረመዳን በአፍጥር ጊዜ ለልጆቻቸው ተምር ይሰጣሉ፤ ሳይጨመቅ የሚበላ ፍሬ ነውና ከሁሉ የተሻለ ጣፋጭ የያዙት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚህ በኋላ በስኳር ፈንታ ተተኪ ይሁን ተብሎ የሚነገረውን እንመርምር። አንደኛው ማር ነው። ጎጃም የማር አገር ነውና ይህ ምክር ለሰሚው ደስ ይላል፤ ስሕተት ግን ነው። ከላይ እንዳየነው መመሪያው ማርን ከስኳር ጋራ ነው የሚቆጥረው፤ ጥርስም በማርና በስኳር መካከል ልዩነት አያደርግም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ከነጭራሹ አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ በውስጡ የሚገኘው ረቂቅ ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ ነፍስን እስከ ማሳለፍ የሚደርስ መርዝ ያፈራልና። ከዚህም በላይ የጎጃም ማር ለገበያና ለጠጅ እንጂ ለልጅ ቁርስ የሚተርፍ አይደለም። ሁለተኛው ተተኪ ፍራፍሬ ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋማ ከተሞች ናቸው። ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ ከቆላ በጭነት የሚመጡ ናቸውና ዋጋቸው ከብስኩቱ ይበልጣል። በአካባቢው ያለው ኮክ ነው፤ እንጆሪና ኮሽም ነው፤ ሾላም አለ። እነዚህን ልጆቹ ማንም ሳይመክራቸው ከብት ሲጠብቁ ለቅመው ይበሏቸዋል። ካሮትና ከጮቄ ግርጌ የሚመጣው ድንች ግን በምክሩ ውስጥ እንደ ጣፋጭ ተቆጥረው አያውቁም፤ ትኩስ ቅቅል ድንች የሚጠላ ልጅ ካለ እንወቀው።

በእርግጥ የልጅ ጣፋጭ የሚባል ነገር በዚህ አገር ስኳር ከመምጣቱ በፊት አልነበረምን? እኛ ነበረ እንላለን፤ ያውም በሥርዐት የተያዘ ነበር። እናት እንጀራ ጋግራ ልትጨርስ ስትል ከሊጡ ጫፍ ትንሽ ቀንሳ ለልጁ እንጐቻ ትጋግርለታለች። እንጐቻ ከትልቁ እንጀራ በሊጥ አይለይም፤ ልጁ ግን ምጣዱ ሥር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው የርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው፤ ቅቤና በርበሬ ሲቀባለት ደግሞ የሚያህለው የለም። ላም በወለደች ሰሞን እንገር ይፈላና ለልጆች ይታደላል። ከጥቅምት ጀምሮ የባቄላው፣ የአተሩና ኋላም የሽምብራው እሸት አለ፤ ልጆች በሜዳ እሳት አንድደው ሽምብራውን ከነገለባው ጠብሰው ፊታቸውን አጥቁረው ይገባሉ። በቡሄ፣ በነሐሴ 12 ማታና በ13፣ ልጆች በየደጁ ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ፤ የክርስትና አባትና እናትም ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል ይሰጣሉ። ሙልሙሉም የጾም ዳቦ መሆኑን ልብ ይሏል። እነዚህ ሁሉ ሁለት ነገር አላቸው። አንደኛ፣ ከዘወትር ምግብ የማይለዩ ምግቦች ናቸው፤ ልጁን ከምሳው አያጣሉትም። ሁለተኛ፣ ለልጁ ተብለው የተለዩ ናቸውና ደስታቸው ከጣዕማቸው ይበልጣል። ዛሬ በከተማ በቡሄ ማታ የሚጨፍሩት ልጆች ከብዙው ደጅ የሚቀበሉት ሙልሙል ሳይሆን ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በማግሥቱ የት እንደሚውል መገመት አያስቸግርም። ስኳር የገባው ባዶ ቦታ አግኝቶ ሳይሆን እንጐቻውንና ሙልሙሉን አስነሥቶ ነው።

ቆሎስ? የቆሎ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ቅርብ ነው፤ ደብረ ወርቅ በመንገዱ ላይ ነው፤ መርጡለ ማርያምም ከዚያ አይርቅም። ከነዚህ ታላላቅ የትምህርት ቦታዎች ቅኔና መጻሕፍት የሚማረው ደቀ መዝሙር ስሙ «የቆሎ ተማሪ» ነው። ስሙ የክብር ስም ሆኖ ሳለ የድኽነትም ስም ነው፤ በደበሎ፣ በአኮፋዳና በውሻ ጩኸት መካከል የሚታሰብ ነው። ስለዚህ በከተማ የተቀመጠ ደመወዝተኛ አባት ልጁን ቆሎ አስቋጥሮ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ያፍራል፤ ብስኩት ሲያስይዘው ግን ልጁ የሰው ልጅ መስሎ ይታየዋል። ምክር ሰጪው «ቆሎ ለጤና ተስማሚ ነው» ቢለው ከዚህ እፍረት ጋራ እየታገለ መሆኑን ማወቅ አለበት። የሽምብራና የገብስ ቆሎ ከብስኩት የሚበልጥ መሆኑን እኛም እንመሰክራለን፤ ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ለትናንሽ ሕፃናት ቆሎም ለውዝም ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ያንቃልና ለነርሱ በሶ ሆኖ፣ ተፈጭቶና ተበጥብጦ መሰጠት አለበት፤ በሶው ውስጥ ግን አሁን አሁን እንደሚደረገው ስኳር ከተሞላበት ወደ ተነሣንበት ተመልሰናል። ደግሞም ጥራጥሬ ሁሉ አንድ አይደለም። ጓያን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ማድረግ እግርን እስከ ማሽመድመድ እንደሚያደርስ የታወቀ ነውና «ጥራጥሬ ስጡ» ብሎ በጅምላ መናገር በጎጃም አደጋ አለው።

ስኳርን ፈጽሞ መርዝ አድርጎ መሳልም ሌላ ጥፋት ያመጣል። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው የሚሰጠው ንጥረ ነገር ጨውና ስኳር የተመጠነበት ነው፤ ስኳሩ ባይኖር ጨውና ውሃው በአንጀት በኩል እንደሚገባ አይሰርግም። በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ የሚታደለው የለውዝ ቅባት ደግሞ ለውዝ፣ ዘይት፣ የወተት ዱቄትና ስኳር ያለበት ነው፤ አንዱ ከረጢት 500 ካሎሪ ይሰጣል። ጣፋጭ ስለ ሆነ በቤት ያሉ ሌሎች ልጆች ከታመመው ጋራ ይካፈሉታል፤ ይህ በብዙ ቦታ የታየ ችግር ነው። «ስኳር ልጅን ይገድላል» የሚል ቃል የሰማች እናት ይህን መድኃኒት ብትጠራጠር ጥፋቱ የማን ነው? በሌላ በኩል ስኳር በፍጹም መግባት የሌለበት ጊዜ አለ፤ እርሱም ልጅ እንደ ተወለደ ነው። የእናቱ ጡት ሳይቀድም ለጋ ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ማቅመስ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሞጣ ከተማ በተደረገ ጥናት ልጆቻቸውን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ያጠቡ እናቶች ግማሽ ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ስለ ስኳር የሚሰጥ ምክር በሞጣ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገርበት ቦታ ይህ ነው፤ ከረሜላው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

መንግሥት በበኩሉ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለስላሳ መጠጦችን ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች መካከል አድርጓቸዋል። ይህ በትልልቅ ከተሞች ጥቅም ይኖረዋል ብለን እናምናለን፤ በፍሬ ለሚሸጥ ከረሜላ ግን ልጁ ልዩነቱን የሚያውቀው አይመስለንም። ምክሩን ለማስተማር ይበልጥ የተመቸው ትምህርት ቤት ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። በዚህ ጊዜ ስለ ከረሜላ መጻፍ እንዴት ያስችላል የሚሉን ይኖራሉ። መልሳችን፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜም ልጅ መብላቱን አልተወም የሚል ነው፤ እንዲያውም ምግቡ ሲያጥር የሚበላው እያንዳንዱ ጉርሻ ምንነቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ስለ ድካሙ እናንሣ። እንጐቻ የሚኖረው እንጀራ በቤት ሲጋገር ነው። በከተማው ውስጥ ሥራ ውላ የምትገባ እናት እንጀራ መግዛት ከጀመረች ቆይታለች፤ ከተገዛ እንጀራ ጋራ እንጐቻ አይመጣም። ቆሎም ማገዶ፣ ምጣድና የአንድ ሰዓት ጊዜ ይፈልጋል፤ አባት ደግሞ በኛ አገር ምጣድ ሥር አይቀመጥም። ከረሜላ ግን ተሠርቶ ያለቀ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ሁሉ መልሶ በእናት ራስ ላይ የሚጭን ምክር፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ አይፈጸምም። በትምህርት ቤቶች በር አካባቢ ድንች ቀቅለው፣ ሽምብራ ቆልተው፣ ንፍሮ ይዘው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። የሚቀመጡት መሬት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በር ዘጋችሁ ተብለው ይባረራሉ። ከነርሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለው የከረሜላው ሱቅ ጣሪያ አለው። ለነዚህ ሴቶች በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ አንድ ዳስና የሚታጠቡበት ውሃ መስጠት የአንድ ርእሰ መምህርና የአንድ ወላጆች ኮሚቴ ሥልጣን ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ፈቃድ የለበትም።